«ልጅ አይበረክትላትም» ስለሚባሉ እናቶች፦ ከጅማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለኦሮሚያ ጤና ቢሮ
ለጅማ ዞንና ለጅማ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤቶች
ግልባጭ፦ ምክንያቱ ሳይነገራቸው ጨቅላ ለቀበሩ ቤተሰቦች

ጉዳዩ፦ ያልታወቀ ሕመም ከያዘው ጨቅላ የደም ናሙና በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ እንዲቀመጥ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ጅማ ውስጥ የምሠራ የክሊኒካል ባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ነኝ። የማጠናው በዘር የሚወረሱ የሜታቦሊዝም ሕመሞችን ነው፤ ሰውነት ምግብን ሰባብሮ የሚጠቀምበት ሥራ ሲበላሽ የሚመጡትን ማለቴ ነው። ውሎዬ ከቱቦ፣ ከሪኤጀንት (ከመመርመሪያ ኬሚካል) እና ከሴንትሪፊውጅ (ደምን አሽከርክሮ ከሚለይ ማሽን) ጋር ስለሆነ ታማሚን ፊት ለፊት ብዙም አላገኝም። እኔ ዘንድ የሚደርሰው የላብራቶሪ መጠየቂያ ወረቀቱ ነው። ሐኪሞች አንዳንዴ የእናትየውን ታሪክ እዚያ ላይ በአንድ መስመር ይጽፋሉ። «አራተኛ ወሊድ፣ በሕይወት ያለ ልጅ የለም።» ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እንዲህ ያለው መስመር ነው።

ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለችውን ሴት «ልጅ አይበረክትላትም» ይሏታል። ሾተላይ አለባት ይባላል። ሕርማታ ገበያ ብትቀመጡም፣ አጋሮ ብትሄዱም፣ ዴዶ ብትወጡም ወሬው ያው ነው። አማት ፊቷን ታዞራለች። ባል ሌላ ያገባል። እሷ ወይ ጠበል ትሄዳለች፣ ወይ ዱዓ ታስደርጋለች። በዚህ ማንም ሊስቅባት አይገባም፤ እኛ የተማርነው ሰዎች ከዚያ የተሻለ መልስ አልሰጠናትም።

ሐኪም ቤት ሾተላይ ሲባል የሚታሰበው አንድ ነገር ነው። የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣው ጣጣ። ችግሩ እውነተኛ ነው፣ መከላከያም አለው። እናት አንቲ ዲ የሚባለውን መርፌ በጊዜው ከወሰደች ቀጣዩ ልጅ ይተርፋል። የእኔ ጥያቄ የሚጀምረው የእናትየዋ ደም ፖዘቲቭ ሲሆን ነው። ቂጥኝ የለባትም። ኤችአይቪ የለባትም። ስኳር የለባትም። ምርመራዋ ሁሉ ደህና ነው። ልጆቿ ግን አንድ ሳምንት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ፋይሉ ላይ «ሴፕሲስ»፣ ማለትም የደም መመረዝ፣ ይጻፍና ነገሩ ያበቃል።

ብዙው በእርግጥ የደም መመረዝ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ግን አይደለም።

በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ስብና ስኳር ሰውነት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይሰባበራል። እያንዳንዱን ደረጃ የሚሠራ ኢንዛይም አለ። ኢንዛይሙን የሚያሠራው ጂን ከተበላሸ ሥራው እዚያው ላይ ይቆማል። የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ያየ ሰው ይገባዋል። መፈልፈያው ሲቆም ቀዩ ቡና በር ላይ ተከምሮ ይበሰብሳል፤ ማድረቂያው አልጋ ደግሞ ባዶውን ይውላል። ሕፃኑ ላይም የሚሆነው ሁለቱም ነው። ያልተሰበረው ነገር ተከማችቶ አንጎልን ይመርዛል። መምጣት የነበረበት ደግሞ ይጠፋል።

ማሕፀን ውስጥ እያለ ይሄን ሁሉ በእንግዴ ልጅ በኩል የምታጸዳለት እናቱ ናት። ስለዚህ ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል። ያለቅሳል፣ ጡት ይይዛል፣ እልል ይባላል፣ ገንፎ ይበላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መጥባት ይተዋል። ይፈዛል። ያስመልሰዋል። ትንፋሹ ይፈጥናል። ከዚያ ያንቀጠቅጠዋል። ደሙ የተመረዘ ሕፃንም ልክ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ መጀመሩ ትክክል ነው፤ ነገም ይጀምር። የጎደለው አብሮ መላክ የነበረበት ናሙና ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ጋላክቶሴሚያ የሚባል ሕመም አለ። ሕፃኑ በወተት ውስጥ ያለውን ጋላክቶስ የተባለ ስኳር መጠቀም አይችልም። ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ጉበቱ ይጎዳል፣ የዓይን ሞራ ሊወጣበት ይችላል። የሚገርመው ነገር፣ እነዚህ ሕፃናት ኢ ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ለሚመጣ የደም መመረዝ በጣም የተጋለጡ ናቸው። ደሙ ካልቸር ሲደረግ፣ ማለትም ባክቴሪያ እንዲያድግበት ተደርጎ ሲታይ፣ ባክቴሪያው ይገኛል። ሴፕሲስ ተብሎ ይጻፋል። የተጻፈው እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት። ቀጣዩ ልጅም በዚያው መንገድ ሊሄድ ይችላል።

ይሄን ለመጠርጠር የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ቤኔዲክት። አዎ፣ ተማሪ በባዮኬሚስትሪ ላብ ውስጥ መጀመሪያ ከሚሠራቸው ሙከራዎች አንዱ የሆነው ያ ሰማያዊ ፈሳሽ። ሽንት ጨምራችሁ ስታሞቁት ስኳር ካለ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ብርቱካናማ፣ ብዙ ከሆነም ወደ ሸክላ ቀለም ይለወጣል። የሽንት ስትሪፕ የሚያሳየው ግሉኮስን ብቻ ነው። ስትሪፑ «የለም» እያለ ቤኔዲክቱ ቀለም ከቀየረ፣ ያ ሕፃን ሽንት ውስጥ ሌላ ስኳር አለ ማለት ነው። በጠና የታመመ ሕፃን ላይ ሌላም ነገር ይሄን ሊያመጣ ስለሚችል የመጨረሻ ምርመራ አይደለም። ወተቱን በሐኪም ትእዛዝ ለጊዜው ለማቆምና ናሙና ለመላክ ግን ይበቃል። ስትሪፕ ሲመጣ ቤኔዲክትን እንደ አሮጌ ዕቃ ጣልነው። ለጨቅላ ሕፃናት ስንል ወደ መደርደሪያው ብንመልሰው ደስ ይለኛል።

አሞኒያ ደግሞ ሌላው ነው። ከፕሮቲን የሚወጣውን ናይትሮጅን ወደ ዩሪያ መለወጥ የማይችል ሕፃን ደሙ ውስጥ አሞኒያ ይከማቻል። ጤነኛ ጨቅላ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ100 ማይክሮሞል በታች ነው። በእነዚህ ሕፃናት ላይ ከ1,000 ሊያልፍ ይችላል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ከባዱ አያያዙ ነው። ደሙ በረዶ ላይ ሆኖ በፍጥነት ላብ መድረስ አለበት። ሴንትሪፊውጅ ሳይደረግ ከቆየ አሞኒያው ቱቦው ውስጥ በራሱ እየጨመረ ይሄዳል፣ ውጤቱም ሐሰት ይሆናል። አንድ ቦታ ስሠራ ናሙናው በአስታማሚ ኪስ ውስጥ ሆኖ ይመጣ ነበር። አስታማሚው መጀመሪያ ካርድ ክፍል ይሰለፋል፣ ከዚያ ገንዘብ ቤት፣ ከዚያ እኛ ጋ። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል። ሪኤጀንቱ ታዝዞ በጨረታ እስኪገባ ድረስም የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ወር ብቻ ይቀረዋል። እንዲህ በሆነበት ቤት ሐኪሙ አሞኒያ ማዘዝ ቢተው አልፈርድበትም።

ውጤቱ ቢመጣስ ምን ይደረጋል ለሚል፣ የመጀመሪያው እርዳታ እጃችን ላይ ነው። ፕሮቲን ለአጭር ጊዜ ይቆማል፣ 10 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጣል። ሁሉንም ሕፃን አያድንም። ቀጥሎ የሚያስፈልጉት መድኃኒቶች እንደ ልብ አይገኙም፣ ይሄን አልደብቅም። የተወሰኑት ግን ይተርፋሉ። ያልተረፈው ሕፃን እንኳ ለወላጆቹ መልስ ትቶላቸው ይሄዳል።

ወደዚያ መልስ ልምጣ፣ ደብዳቤውም ስለ እሱ ነውና።

ከእነዚህ ሕመሞች አብዛኞቹ የሚመጡት ልጁ የተበላሸውን ጂን ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። አባትና እናት እያንዳንዳቸው አንድ ደህና፣ አንድ የተበላሸ ይዘዋል፤ እነሱ ራሳቸው አይታመሙም። በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። በእያንዳንዱ ነው የምለው፤ አንዱ ሞተ ማለት የሚቀጥሉት ሦስቱ ተረፉ ማለት አይደለም። ሁለትም ሦስትም ተከታትለው ሊሞቱ ይችላሉ።

አሁን ባልየው ሌላ አገባ እንበል። ሁለተኛዋ ሚስት ያንን ጂን ያለመያዟ ዕድል በጣም ሰፊ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ያድጋሉ። ሰፈሩም «አላልንም? ችግሩ ከሷ ነበር» ይላል። ይሄ ፍርድ ውሸት ነው። ባልየው ጂኑን ዛሬም ይዞታል። የመጀመሪያዋ ሚስትም ሌላ ብታገባ እንደዚሁ ጤነኛ ልጆች ልትወልድ ትችላለች። ግን ማን ያገባታል? ስሟ ወጥቷል። አንድ ጠብታ ደም ቀድሞ ቢቀመጥ ኖሮ ይሄን ፍርድ ማስቆም ይቻል ነበር። ለእኔ የዚህ ሳይንስ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ጓደኞቼ ላይስማሙ ይችላሉ።

«ወንድ ልጅ አይበረክትላትም» የሚባልም አለ። ሴቶቹ ያድጋሉ፣ ወንዶቹ በሳምንታቸው ይሞታሉ። ይሄ ሁልጊዜ ተረት አይደለም። ቅድም ካልኳቸው፣ አሞኒያን ወደ ዩሪያ መለወጥ ከሚከለክሉ ሕመሞች በጣም የተለመደው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ያለ ነው። ወንድ ልጅ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ከተበላሸው ጋር ከተወለደ መተኪያ የለውም። ሴቷ ሁለተኛ አላት። የጅማ አሮጊቶች ያስተዋሉትን ነገር እኛ ላብ ውስጥ ያለነው ሳንጠይቃቸው ቆየን።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው፣ ይሄ እኛን አይመለከትም» ይላል። ዘመድ ያለመጋባት አደጋውን ይቀንሳል፣ እውነት ነው። አያጠፋውም ግን። የማይዛመዱ ሁለት ሰዎችም አንድ ዓይነት ጂን ይዘው ሊገናኙ ይችላሉ። የአጎትና የአክስት ልጆች በሚጋቡበት ቤት ደግሞ ነገሩ በማውገዝ ሳይሆን በምክር ነው መያዝ ያለበት።

ይሄ ሁሉ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም አርቺባልድ ጋሮድ ሽንታቸው ሲቆይ የሚጠቁር ሰዎችን አጥንቶ ሕመሙ በዘር እንደሚሄድ እ.ኤ.አ. በ1902 ጽፏል። እኔ የበለጠ የምወደው ግን የኖርዌይዋን እናት ነው። ሁለት ልጆች ነበሯት፤ የሁለቱም አእምሮ አላደገም። ልጆቿ ላይ ለየት ያለ ሽታ አስተውላ ከሐኪም ሐኪም ዞረች። በ1934 አስቢዮርን ፎሊንግ ዘንድ ደረሰች፤ ኬሚስትሪም የተማረ ሐኪም ነበር። ሽንታቸው ላይ ፌሪክ ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ጠብ አደረገ። ያኔ ለስኳር ሕመምተኞች የሚደረግ ተራ ምርመራ ነበር። ቀለሙ ማንም ያልጠበቀው አረንጓዴ ሆነ። እናትየዋ ሽንት እያመላለሰች፣ እሱ እያጣራ፣ ነገሩን ለይተው አወጡት። ፒኬዩ የምንለው ሕመም እንዲህ ታወቀ። በ1953 ሆርስት ቢከልና ባልደረቦቹ በርሚንግሃም ውስጥ ልዩ ምግብ ሞክረው አንዲት ሕፃን ላይ ለውጥ ማየታቸውን ጻፉ። መንገዱን የከፈተው የአንዲት እናት «ለምን?» የሚል ጥያቄ ነው። እንደሷ የሚጠይቁ እናቶች ሰቃም ሰርቦም አሉ። የሚሰማቸው ነው ያጡት።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ሮበርት ገትሪ የሕፃንን ተረከዝ ወግቶ፣ ደሙን ወፍራም ማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቆ መመርመር ጀመረ። የራሱ ልጅ የአእምሮ እድገት ችግር ነበረበት፣ የባለቤቱ እህት ልጅ ደግሞ ፒኬዩ ነበራት። ዛሬ በብዙ አገር እያንዳንዱ ሕፃን በዚህ ወረቀት ይመረመራል።

ወረቀቱን ደግሞ እኛም እናውቀዋለን! ኤችአይቪ በደማቸው ካለ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት በስድስት ሳምንታቸው የሚመረመሩት በዚሁ ነው። ዲቢኤስ እንለዋለን። ነርሶቻችን ተረከዝ መውጋት ያውቃሉ። ጠብታው ክቡን እንዲሞላ ማድረግ፣ ፀሐይ ሳይነካው ማድረቅ፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ማሸግ ያውቃሉ። ፖስታው መንገዱን ያውቀዋል። ለአንድ በሽታ የዘረጋነውን መስመር ለሌላው መጠቀም ለምን ከበደን?

ስለዚህ የምጠይቀውን በግልጽ ልናገር። ታንደም ማስ ስፔክትሮሜትር ግዙልን አልልም። ከአንድ ጠብታ ብዙ ሕመሞችን የሚለይ ድንቅ ማሽን ነው፤ ተመራማሪ ሁሉ ያልመዋል። ግን ጋዝ፣ የማይቋረጥ መብራትና ሲበላሽ የሚመጣ ኢንጂነር ይፈልጋል። ላስቲክ ለብሶ የሚቀመጥ ማሽን ከምናስመርቅ ይቅርብን።

የምጠይቀው ይሄን ነው። ምክንያቱ ሳይገባን በጠና የታመመ ጨቅላ ሁሉ፣ በሕይወት እያለ፣ ወላጆቹ ሲፈቅዱ፣ ከተረከዙ ደም ወረቀት ላይ ይወሰድ። በሕይወት እያለ ያልኩት አውቄ ነው። ጅማ ላይ ብዙ ሰው የሞተበትን በዕለቱ ይቀብራል። ሕፃኑ ካረፈ በኋላ ደም እንውሰድ ብሎ ቤተሰብ ማቆየት ነውር ነው፣ እኔም አልደግፈውም። ወረቀቱ ደርቆ፣ ታሽጎ፣ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ። የጅማ እርጥበት ስለሚያበላሸው ማሸጊያው ላይ አትቆጥቡ። መመርመሪያ ያለው ተቋም ሲገኝ፣ አገር ውስጥም ይሁን ውጭ፣ የሚላክበት የስምምነት አሠራር አጭር ይሁን። አሁን አንድ ፊርማ ሌላ ፊርማ ይወልዳል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ሰፋ ይላል። ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ፣ ቢያንስ በጅማ ከተማ ተጀምሮ፣ ቲኤስኤች የሚባለው፣ የታይሮይድ ዕጢ በደንብ መሥራቱን የሚያሳይ ሆርሞን፣ በዚሁ ወረቀት ይመርመር። የታይሮይድ ዕጢው በደንብ የማይሠራ ሕፃን በዓለም ላይ ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑ ውልደቶች አንዱ ነው። ሲወለድ አይታወቅም። ምልክቱ ጎልቶ ሲወጣ አንጎሉ ተጎድቷል። መድኃኒቱ ግን ታይሮክሲን ነው፤ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው በየቀኑ የሚውጠው። ተፈጭቶ በጥቂት የእናት ወተት ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተጀመረ ልጁ እንደ እኩዮቹ የማደግ ዕድል አለው። የእንቅርት አገር ውስጥ እየኖርን ይሄን ብርቅ በሽታ ማለት አይመችም። እናቶች ከወለዱ በኋላ ቶሎ ስለሚወጡ፣ ናሙናው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሦስተኛው ቀን ስትጠይቃቸው ሊወሰድ ይችላል።

«ወባ እያለ፣ የምግብ እጥረት እያለ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ወባን ካነሳችሁማ እሱም ከእኛ ሥራ ጋር ዝምድና አለው። ቫይቫክስ የተባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ እንዳይመለስ ፕሪማኪን ይሰጣል። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የጎደለው ሰው ግን ፕሪማኪን ሲወስድ ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ። አንዳንዱ ባቄላ በልቶም ይታመማል። ይሄም በዘር የሚወረስ የኢንዛይም ጉድለት ነው። የፈረንጅ በሽታ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ የታወቀ ነው። ተማሪዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ በመጠይቃቸው ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመርልኝ፦ በዚህ ቤት በመጀመሪያው ወር የሞተ ልጅ አለ ወይ፣ ወንድ ነበር ወይስ ሴት፣ በስንተኛው ቀን? ወጪ የለውም። ከዓመት ዓመት ቢጠራቀም የትኛው ቀበሌ ላይ መፈለግ እንዳለብን ያሳየናል።

ለቤተሰቦች ደግሞ አደራ። ይሄን አንብባችሁ ቤት ውስጥ ጡት እንዳትከለክሉ። ከጥቂቶች በስተቀር ለሕፃን ከእናት ጡት የሚበልጥ የለም፤ ማቆም ካስፈለገም የሚያዘው ሐኪም ነው። ከዚህ በፊት ልጅ ከሞተባችሁ ግን ቀጣዩን ሆስፒታል ውለዱ። ስትገቡም ሳትጠየቁ ተናገሩ፦ «የፊተኛው በሦስተኛው ቀን ጡት ትቶ ሞተብኝ» በሉ። ባሎችም አብራችሁ ኑ። ሲመረመር የእናንተም ደም ያስፈልጋል።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ መልሳችሁ «በጀት የለም» ከሆነ ለየትኛው እንደሌለ ለይታችሁ ጻፉልን። ለማጣሪያ ወረቀቱ ነው? ለበረዶው ነው? ለቤኔዲክቱ ነው? ለወረቀቱ ከሆነ፣ ለኤችአይቪ ምርመራ ከሚገባው ላይ ጥቂቱን በፈቃዳችሁ እንድንጠቀም የሚፈቅድ አንድ ደብዳቤ ይበቃናል። ለቲኤስኤች ከሆነ፣ የአንድ ዓመት ሙከራ ወጪ ምን ያህል እንደሚሆን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አስልተን ለማቅረብ ዝግጁ ነን፤ ለማን እንደምናቀርብ ብቻ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር
በክሊኒካል ባዮኬሚስትሪ የሚሠራ የጅማ ነዋሪ